ሂፒዎቹ ከእግዚአብሔር ሸሹ ወይስ ሊፈልጉት ወጡ?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «መምህር፣ ሂፒ ሲባል እኔ የማውቀው ዕፅ፣ ረጅም ፀጉርና ልቅ ኑሮ ነው። አንድ የክፍል ጓደኛዬ ግን ‹ሂፒዎች እኮ ከወላጆቻቸው የባሱ ሃይማኖተኞች ነበሩ› አለኝ። ለኮሌጅ ወረቀት ልጽፍበት አስቤአለሁ። እውነት ነው? ከሆነስ የትኛው ሃይማኖት? ሂፒዎቹ ሲበተኑስ ሃይማኖቱ የት ገባ?»

እህቴ፣ ጓደኛሽ «የባሱ» ሲል ትንሽ ቢያጋንንም ነገሩ እውነት ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ፣ እንዳይምታታብሽ።

እኔ የማስተምረው የአሜሪካን የሃይማኖት ታሪክ ነው። የሂፒዎቹን ዘመን፣ 1960ዎቹን ሳነሣ ተማሪዎቼ ቶሎ ትዝ የሚላቸው ሙዚቃውና ዕፁ ነው። አይፈረድባቸውም፤ ፊልሙም ፖስተሩም የሚያሳያቸው እሱን ነው። ልጆቹ ራሳቸው የጻፉትን ስታነቢ ግን ሌላ ነገር ታገኛለሽ። በሳን ፍራንሲስኮ፣ በሃይት አሽበሪ ሰፈር ከ1966 እስከ 1968 ይታተም የነበረ «ኦራክል» የተባለ ጋዜጣ ነበራቸው። ገጹን ብትገልጪ የህንድ አማልክት ሥዕል፣ የቡድሃ ትምህርት፣ ስለ ነፍስና ስለ ከዋክብት የተጻፈ ነገር ሞልቶበታል።

እንደኔ እንደኔ ነገሩ እንዲህ ነው። ሂፒዎቹ የተጣሉት ከእግዚአብሔር ጋር አልነበረም። የተጣሉት ስለ እግዚአብሔር እየሰሙ ብቻ ከመኖር ጋር ነው። መዝሙረ ዳዊት «ቅመሱ እዩም» ይል የለ? እነሱም መቅመስ ነው የፈለጉት። ብዙዎቹ ቀመስን ብለዋል። ችግሩ የመጣው በማግስቱ ነው፤ የቀመሱትን ማቆየት አቃታቸው። ማቆየት የቻሉት ደግሞ አብዛኞቹ መጨረሻ ላይ ከወላጆቻቸው ቤተ ክርስቲያን የጠበቀ ሥርዓት ውስጥ ገብተው ተገኙ። ወረቀትሽ ላይ ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህ እንዳይቀርብሽ።

መጀመሪያ ከየት እንደመጡ እንይ። 1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ጢም ብሎ የሞላበት ዘመን ነበር። ያኔ ጋሉፕ የሕዝብ አስተያየት ሲሰበስብ ከአዋቂው ግማሽ ያህሉ «በዚህ ሳምንት ለአምልኮ ሄጃለሁ» ይል ነበር። በ1954 ተማሪዎች ለባንዲራ በሚገቡት ቃል ላይ የእግዚአብሔር ስም ተጨመረ። በ1956 «በእግዚአብሔር እንታመናለን» የአገሪቱ መሪ ቃል ሆነ። ስለዚህ በ1967 ባዶ እግሩን ሳን ፍራንሲስኮ የገባው የ19 ዓመት ልጅ ሃይማኖት የማያውቅ ልጅ አልነበረም። ብዙውን ጊዜ ሰንበት ትምህርት ቤት ያደገ ነው። ያስከፋው ሌላ ነገር ነው። ያደገባት ቤተ ክርስቲያን የጨዋ ቤተሰብ መሰብሰቢያ ብቻ ሆና ታየችው። እሁድ ስለ ፍቅር ይሰበክለታል፤ ሰኞ ክፍል ውስጥ የአቶም ቦምብ ቢወድቅ ጠረጴዛ ሥር መደበቅን ይለማመዳል፤ ትንሽ ከፍ ሲል ደግሞ ለቬትናም ጦርነት ይጠራል። የጥቁሮቹ የመብት ትግል ከቤተ ክርስቲያን ሲነሣ በቴሌቪዥን አይቷል፤ የራሱ ሰፈር ቤተ ክርስቲያን ግን አብዛኛውን ጊዜ ዝም ብላለች። ልጁ የተቀየመው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ዕፁ ልምጣ፤ ያለ እሱ ታሪኩ አይነገርምና። ኤልኤስዲ የሚባለው፣ የሌለ ነገር የሚያሳይ ዕፅ ለብዙዎቹ መዝናኛ ብቻ አልነበረም፤ የመንፈስ በር መክፈቻ ነው ብለው ያመኑበት ነው። ይህ እምነት ደግሞ ከመንገድ ላይ አልተነሣም፣ ከዩኒቨርሲቲ ነው የወጣው። በ1962 በስቅለት ዕለት፣ ኤፕሪል 20፣ ቦስተን ዩኒቨርሲቲ ባለው ማርሽ ቻፕል ምድር ቤት ውስጥ 20 የነገረ መለኮት ተማሪዎች ተሰበሰቡ። ሙከራውን ያዘጋጀው ዋልተር ፓንኬ የተባለ ሐኪም ነው፤ ሃርቫርድ ለዶክትሬት ይሠራ ነበር። ለግማሾቹ ከእንጉዳይ የሚገኘው ሲሎሲቢን ተሰጣቸው። ለግማሾቹ ደግሞ ፊት ከማጋል ያለፈ ነገር የማያደርግ ቪታሚን። ላይ ቤት የስቅለት ጸሎት እየተደረገ ነው፤ የሰባኪው የሃዋርድ ተርማን ድምፅ በድምፅ ማጉያ ወደ ታች ይወርዳል። ተርማን ማለት በማርቲን ሉተር ኪንግ አስተሳሰብ ላይ ሳይቀር አሻራው ያለ ትልቅ ጥቁር የመንፈስ ሰው ነው። ሲሎሲቢን ከወሰዱት አብዛኞቹ በቃል ለመግለጽ የሚከብድ ቅዱስ ነገር አጋጠመን አሉ። ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ተፈልገው ሲጠየቁም በሕይወታቸው ካዩት ትልልቅ መንፈሳዊ ነገር አንዱ እንደነበር መስክረዋል። ግን በዚያው ቀን አንደኛው ተማሪ አእምሮው ተረብሾ ወደ ጎዳና ወጥቶ ነበር፤ ማስታገሻ መርፌ ተወግቶ ነው የተረጋጋው። ይህ በመጀመሪያው ሪፖርት ላይ በቅጡ አልተነገረም፤ በ1991 ነው ፍጥጥ ብሎ የወጣው። ስትጽፊ ሁለቱንም ጻፊ። አንዱን ብቻ ይዘው የሚጮሁ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ፓንኬ ከሃርቫርዱ የሥነ ልቦና ምሁር ከቲሞቲ ሊሪ ጋር ነበር የሚሠራው። ሊሪ በ1963 ከሃርቫርድ ተባረረ። በ1966 ደግሞ ኤልኤስዲን እንደ ቁርባን የሚቆጥር የራሱን ሃይማኖት አቋቋመ። እምነቱ እንዳለ ሆኖ የሕግ ስሌትም ነበረበት። በ1964 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፔዮቴ የሚባለውን የበረሃ ቁልቋል በጸሎታቸው ላይ ሲወስዱ ለተያዙ፣ ናቫሆ ለሚባሉ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ፈርዶላቸዋል፤ ፔዮቴው የአምልኳቸው እምብርት ስለሆነ መከልከል አይቻልም ብሎ። እነ ሊሪም «እኛስ?» አሉ። ፍርድ ቤቶቹ እሺ አላሏቸውም። ካሊፎርኒያም ኦክቶበር 6 ቀን 1966 ኤልኤስዲን በሕግ ከለከለች።

እዚህ ላይ የራሴን ልበል። ብዙ ጸሐፊዎች ፍርድ ቤቶቹ ሂፒዎቹን ስለጠሉ ነው ይላሉ። ጥላቻ አልነበረም አልልም። ግን ልዩነቱ እውነተኛ ነው። የናቫሆዎቹ ጸሎት ሌሊቱን ሙሉ የሚቆይ ነው። መሪ አለው፣ ዝማሬ አለው፣ እሳት የሚጠብቅ ሰው አለው፣ ብዙ ጊዜም ለታመመ ሰው ተብሎ የሚደረግ ነው፤ ሲነጋም ሁሉም አብሮ ይበላል። ጸበሉን ከጾሙ፣ ከቄሱና ከሱባዔው ለይተሽ ውኃውን ብቻ ብትወስጂ ምን ይቀርሻል? ሂፒዎቹ ብዙውን ጊዜ ያደረጉት ይህንን ነው። በዚያ ላይ ፔዮቴ ፍለጋ እየነዱ ነባሮቹ ሰፈር ድረስ ሳይጠሩ የሚሄዱ ነበሩ። ለነባሮቹ ትልቅ ጣጣ ነው ያመጡባቸው።

ቀጥሎ እጅግ ታዋቂው ቀን አለ። ጃኑዋሪ 14 ቀን 1967 ጎልደን ጌት ፓርክ ውስጥ ከ20 እስከ 30 ሺህ የሚገመት ሰው ተሰበሰበ። «ሂዩማን ቢ-ኢን» ነው ስሙ። ይህን ቀን የሙዚቃ ኮንሰርት አድርገው የሚጽፉት አሉ። እስቲ ምን እንደተደረገ ተመልከቺ። ገና ሕዝቡ ሳይመጣ ገጣሚዎቹ አለን ጊንስበርግና ጋሪ ስናይደር በህንዶች ሥርዓት ሜዳውን ዞረው ባረኩት። ስናይደር ለዓመታት ጃፓን ተቀምጦ ዜን የሚባለውን የቡድሃ እምነት ዘርፍ የተማረ ሰው ነው፤ በኋላም መድረክ ላይ ቀንደ መለከት በመሰለ የባሕር ዛጎል ጉባኤውን ከፈተ። የዜን መምህሩ ሹንርዩ ሱዙኪም መድረኩ ላይ ተቀምጦ ታይቷል። ፀሐይ ስትጠልቅ ጊንስበርግ ማንትራ፣ ማለት እየተደጋገመ የሚባል የህንድ የጸሎት ቃል እያዜመ ሕዝቡ አካባቢውን እንዲያጸዳ ጠየቀ። ያ ሁሉ ሺህ ሰው ጎንበስ ብሎ ቆሻሻውን ለቀመ። እኔ ይህ ዝርዝር ከንግግሩ ሁሉ ይበልጥብኛል። ልጆቹ አምልኮና ኑሮ አንድ እንዲሆኑ ነው የፈለጉት፤ ያን ቀን ለጥቂት ሰዓት ሆነላቸው።

የእስያ መምህራን ታሪክ ላይ ረዘም አድርጌ መቆየት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ወረቀትሽ የሚወፍረው እዚህ ነው። አስቀድሞ አንድ የሕግ ነገር እወቂ። እስከ 1965 ድረስ ከህንድ በቋሚነት ወደ አሜሪካ መግባት የሚፈቀድለት በዓመት 100 ሰው ያህል ነበር። ኦክቶበር 3 ቀን 1965 የተፈረመው የኢሚግሬሽን ሕግ ያንን በየአገሩ የተቆረጠ ኮታ ሻረው። ብዙ ኢትዮጵያዊ ወንድሙንና እናቱን አሜሪካ ያመጣበት የቤተሰብ ቪዛ መንገድም በዚሁ ሕግ ላይ የቆመ ነው። እና በሩ የተከፈተው ልክ ልጆቹ በተራቡበት ሰዓት ነው። የህንድና የጃፓን መምህራን ድሮም መጥተው ያውቃሉ፤ ያኔ ግን እንዲህ ያለ ጆሮ አላገኙም።

ብሃክቲቬዳንታ ስዋሚ፣ በኋላ ተከታዮቹ ፕራቡፓዳ ያሉት ሽማግሌ፣ ሕጉ ከመፈረሙ ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ነው የደረሰው። 69 ዓመቱ ነበር። «ጃላዱታ» በምትባል የጭነት መርከብ ነው የመጣው፤ መንገድ ላይ ልቡን ታሞ ሊሞት ነበር። ኪሱ ውስጥ 40 ሩፒ ብቻ ነው የነበረው። ኒው ዮርክ ገብቶ በ1966 ሰከንድ አቬኑ ላይ ትንሽ ሱቅ ተከራየ። ሱቁ በፊት የስጦታ ዕቃ መሸጫ ስለነበረ በሩ ላይ «አቻ የሌላቸው ስጦታዎች» የሚል ጽሑፍ ነበረበት፤ አላነሡትም። እዚያ ውስጥ እየዘመረ፣ እያበሰለ፣ የራበውን እያበላ ነው ክሪሽና የተባለውን የሂንዱ አምላክ የሚያመልከው፣ ሐሬ ክሪሽና የሚባለው ማኅበር የተጀመረው።

በ1967 መጀመሪያ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ተሻገሩ። ጃኑዋሪ 29 አቫሎን በሚባለው የዳንስ አዳራሽ ግሬትፉል ዴድን የመሰሉ ባንዶች የተጫወቱበት ዝግጅት ተደረገ፤ መግቢያው 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነው። ሽማግሌው ብርቱካናማ ልብሱን ለብሶ መድረክ ወጣ፣ አዳራሹ በሙሉ ተነሥቶ አብሮት ዘመረ። ጊንስበርግ ማይክራፎን ይዞ የተናገረው ነገር አለ፦ ከኤልኤስዲ ከፍታ የሚወርድ ሰው አእምሮውን ማረጋጋት ከፈለገ በጠዋት ቤተ መቅደሱ ሄዶ ይዘምር። ቤተ መቅደሱ ፍሬድሪክ ጎዳና ላይ፣ ለሃይት አሽበሪ ቅርብ ነበር። ሌሊቱን ሲባዝን ያደረ ልጅ በጠዋት ይገባል፣ ምግብ ይሰጠዋል፣ ዝማሬ ይሰማል። ከዚያ ሥርዓቱ ይነገረዋል። ሥጋ፣ ዓሣና እንቁላል የለም። ዕፅ የለም፣ መጠጥ የለም፣ ሻይና ቡና ሳይቀር የለም። ከትዳር ውጭ ሩካቤ የለም። ቁማር የለም። በ108 ፍሬ መቁጠሪያ የአምላኩን ስም በቀን 16 ዙር መድገም ግዴታ ነው።

እስቲ አስቢው። «ማንም ምን አድርግ አይበለኝ» ብሎ ከቤቱ የወጣ ልጅ ነው ይህንን የተቀበለው፤ ራሱን ተላጭቶ። ለምን? በጊዜው ቀርበው ያነጋገሯቸው ሰዎች የጻፉትን ስታዪ መልሱ ተቀራራቢ ነው። በዕፁ አንድ ነገር አይተዋል፣ ግን በነጋታው የለም። እንደገና ሲወስዱት ይመጣል፣ እንደገና ይሄዳል፤ እየቆየ ደግሞ የሚመጣው ፍርሃት ይሆናል። ሽማግሌው የሰጣቸው የማይወርድ ከፍታ ነው። በራሪ ወረቀታቸው ላይም ቃል በቃል ባይሆን ይህንኑ ነው ያሉት፦ ከፍ በሉ፣ መውረድ የለም። ዋጋው ጠዋት መነሣትና ራስን መግዛት ነበር። ከፈሉት።

ዜንም ያው ነው፣ በሌላ ጠባይ። ሱዙኪ በ1959 ሳን ፍራንሲስኮ የመጣው ቡሽ ጎዳና ላይ ላለ የጃፓናውያን ቤተ መቅደስ ካህን ሆኖ ነው። ለነጮች ተልኮ አልነበረም። አንዳንድ አሜሪካውያን መጥተው ዜን አስተምረን ሲሉት፣ ጎህ ሳይቀድ እንደሚቀመጥ ነግሯቸው ከፈለጉ አብረውት እንዲቀመጡ ጋበዛቸው። በቃ። እግር አጣጥፎ፣ ጀርባ አቅንቶ፣ ግድግዳ እያዩ ዝም ማለት። ብዙዎች ሞክረው ተዉት። የቀሩት በ1967 ካርሜል ቫሊ አካባቢ ተራራ ውስጥ ታሳሃራ የሚባለውን ገዳም ከፈቱ፤ ለመግዣው ገንዘብ የሮክ ባንዶች ሳይቀሩ ተጫውተዋል። ስለ ቡሽ ጎዳናው ቤተ መቅደስ ግን ብዙ ጊዜ የማይጻፍ ነገር አለ። የቡሽ ጎዳናው ምእመናን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአሜሪካ መንግሥት ካምፕ ውስጥ ታጉረው የወጡ ቤተሰቦች ናቸው። ለነሱ ቤተ መቅደስ ማለት ቀብር፣ ተዝካር፣ ልጅ ማሳደጊያ ነው። ካህናቸው ቀኑን ሙሉ ባዶ እግራቸውን ከሚመጡ ወጣቶች ጋር ሲሆን ከፋቸው። በ1969 ሱዙኪ ተማሪዎቹን ይዞ ወጣ፣ ፔጅ ጎዳና ላይ ሌላ ሕንፃ ገዙ። ሂፒዎቹ ተቀምጦ ዝም ማለቱን ወሰዱ፤ ቀብሩን፣ ሽማግሌውንና ዘመዱን ተዉት። ለቤተሰቦቹ አዝናለሁ። ታሪኩ የነሱም ነው፣ ግን ከመጽሐፉ ጠርዝ ላይ ነው የቀሩት።

ሌሎቹን ባጭሩ ልንገርሽ። ከሊሪ ጋር ከሃርቫርድ የተባረረው ሪቻርድ አልፐርት በ1967 ህንድ ሄዶ ኒም ካሮሊ ባባ የተባለ መምህር አገኘ፣ ራም ዳስ ተብሎ ተመለሰ። በ1968 ቢትልስ የተባሉት የእንግሊዝ ሙዚቀኞች ህንድ ውስጥ ሪሺኬሽ፣ ማሃሪሺ የተባለ መምህር ጋ ተቀምጠው ሜዲቴሽን ተማሩ፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ በየመጽሔቱ ሽፋን ላይ ወጣ። ኦገስት 1969 ዉድስቶክ በተባለው ትልቅ የሙዚቃ በዓል ላይ የመክፈቻ ቡራኬ የሰጠው ስዋሚ ሳቺዳናንዳ ነው። በ1968 ደግሞ ራቢ ሽሎሞ ካርለባክ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ለአይሁድ ወጣቶች የጸሎት ቤት ከፍቶላቸዋል።

ክርስትናውስ? ተማሪ ሁሉ የሚረሳው ይህን ነው። በሃይት አሽበሪ ምግብ በነጻ ያድሉ የነበሩት ዲገርስ የሚባሉት ልጆች ስማቸውን የወሰዱት በ1649 እንግሊዝ ውስጥ መሬት የሁሉም ነው ብለው በመጽሐፍ ቅዱስ ከተከራከሩ ድሆች ነው። ዳቦውን የሚጋግሩት ደግሞ ዎለር ጎዳና ላይ ባለው ኦል ሴይንትስ የኤጲስቆጶሳውያን ቤተ ክርስቲያን ወጥ ቤት ነበር። የዳቦ መጋገሪያ ዕቃ ስለሌላቸው ሊጡን ባዶ የቡና ጣሳ ውስጥ ነው የሚያደርጉት፤ ዳቦው ሲወጣ አናቱ ያበጠ፣ ቁመቱ ረዘም ያለ ይሆናል። ቄሱ በራቸውን ከፈቱላቸው። ጥቂት ቤተ ክርስቲያናት ናቸው ይህን ያደረጉት፣ ግን ነበሩ።

ከዚያ የኢየሱስ ሰዎች የተባሉት መጡ። በ1967 ቴድ ዋይዝ የተባለ፣ ራሱ ኤልኤስዲ ይወስድ የነበረ ሸራ ሰፊ ከሚስቱና ከጓደኞቹ ጋር ሃይት አሽበሪ ውስጥ ለመንገድ ልጆች የሾርባና የወንጌል ቤት ከፈተ። እዚያ ከተገኙት አንዱ ሎኒ ፍሪስቢ ነው፤ ፀጉሩና ጺሙ ረጅም፣ ሥዕል ላይ የሚታየውን ኢየሱስ የሚመስል ወጣት። በ1968 ወደ ደቡብ ካሊፎርኒያ ወርዶ ኮስታ ሜሳ ከቻክ ስሚዝ ጋር ተገናኘ። ስሚዝ ፀጉሩን አሳጥሮ የሚቆረጥ፣ ወግ አጥባቂ ፓስተር ነበር፤ ካልቫሪ ቻፕልን ሲረከብ ምእመኑ 25 ያህል ሰው ነው። ሂፒዎቹ መጉረፍ ሲጀምሩ፣ ስሚዝ ራሱ እንደተረከው፣ ሽማግሌዎቹ አዲሱ ምንጣፍ እንዳይቆሽሽ ፈርተው ባዶ እግር መግባት ክልክል ነው የሚል ማስታወቂያ ለጠፉ። ስሚዝ አይቶ ነቀለው። ምንጣፉ ከሆነ ልጆቹን የሚያስቀር ምንጣፉን እናንሣው አለ። በጥቂት ዓመት ውስጥ ሺዎች እዚያው በውቅያኖሱ ዳርቻ ተጠመቁ። ታይም መጽሔት ጁን 21 ቀን 1971 የኢየሱስን ሥዕል ሽፋኑ ላይ አወጣ። በ1972 ዳላስ ውስጥ 80 ሺህ ያህል ወጣት ተሰበሰበ።

እነዚህ ልጆች ዕፁን ተዉ፣ ጊታሩን ግን አልተዉም። ካልቫሪ ቻፕል በ1971 ማራናታ ሙዚቃ የሚባለውን አቋቁሞ መዝሙራቸውን አሳተመ። ዛሬ ከበሮና ጊታር ይዞ ማያ ላይ ግጥም እያዩ የሚዘመረው የእንግሊዝኛ መዝሙር፣ በየግዛቱ ያሉት የኛ ወንጌላውያን ወጣቶች የሚዘምሩትን ጨምሮ፣ ሥሩ ቢቆፈር ብዙው እዚያ ይደርሳል።

ልቅ ኑሮ ነበር ላልሽው አንድ ቦታ ላሳይሽ። ስቲቨን ጋስኪን ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ በየሰኞ ማታ ከሺህ በላይ ሰው የሚሰማው መምህር ነበር፤ ክርስቶስን፣ ቡድሃን፣ ሂንዱውን ቀላቅሎ ያስተምራል። በ1970 ተከታዮቹን አሮጌ የትምህርት ቤት አውቶቡሶች ላይ ጭኖ አገሩን ዞረ፣ በ1971 ቴነሲ፣ ሰመርታውን አጠገብ መሬት ገዝተው «ዘ ፋርም» የተባለ መንደር መሠረቱ። ንብረት የጋራ ነው፣ እንደ ሐዋርያት ሥራ። ሥጋ የለም፣ አልኮል የለም፣ ሲጋራ የለም። ጋንጃን ግን እንደ ቁርባን ያዙት፤ ጋስኪን በሱ ምክንያት በ1974 እስር ቤት ገብቷል። የትዳሩ ሕግ ደግሞ ይህ ነው፦ አብራችሁ ከተኛችሁ ታጭታችኋል፣ ከጸነሳችሁ ተጋብታችኋል። ይህን ሕግ ያወጣው ፀጉሩን ያስረዘመ ሂፒ ነው። ሚስቱ ኢና ሜይ የመሠረተችው የአዋላጆች ማዕከል በመላው አሜሪካ የታወቀ ነው። መንደሩ በ1983 ዕዳ ስለበዛበት የጋራ ካዝናውን ተወ እንጂ ዛሬም አለ።

ክፉውን ካልነገርኩሽ ግን ዋሽቻለሁ። ልጆቹ የሸሹት ተቋምን ነው፤ ሲኖዶስ፣ ጉባኤ፣ ሽማግሌ የሚባል ነገር አንፈልግም አሉ። ስለዚህ መሪው ሲበላሽ የሚገሥጸው ሰው አልነበረም። ቻርልስ ማንሰን በ1967 ሃይት አሽበሪ ነበር፤ የዮሐንስ ራእይን እየጠቀሰ ነው ከቤት የወጡ ልጃገረዶችን የሰበሰበው፣ በ1969 ያስገደላቸውን ሰዎች ዓለም ያውቃል። በ1968 ዴቪድ በርግ የጀመረው «የእግዚአብሔር ልጆች» የሚባለው ቡድን ከኢየሱስ ሰዎች መካከል ወጥቶ ሕፃናት የሚደፈሩበት ቤት ሆነ። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ በሐሬ ክሪሽና አዳሪ ትምህርት ቤቶች ልጆች ተበድለዋል፤ ማኅበሩ ራሱ በ1998 በመጽሔቱ ይህንኑ አውጥቷል። ሳን ፍራንሲስኮ ዜን ሴንተር እንኳ በ1983 በሱዙኪ ተተኪ ምግባር ምክንያት ሊፈርስ ደርሶ ነበር። በየቡድኑ ያለው የሴቶች ታሪክም ይከብዳል፤ ነፃነት ተብሎ ወጥ ቤቱና ሕፃናቱ ለነሱ ነው የተተዉት። ስለ መሪዎቹ ስትጽፊ ስለ ልጆቹ መጻፍ አትርሺ። አብዛኛው ጸሐፊ ረስቷቸዋል።

አንድ የምንደባልቀው ነገር አለ፣ እሱን ላጥራ። በፀጉሩና በጋንጃው ምክንያት የኛ ሰው ሂፒንና ራስታን አንድ ያደርጋል። አይደሉም። ራስታዎች በ1930 ከነበረው የንጉሠ ነገሥቱ ንግሥ በኋላ ጃማይካ ውስጥ ከድሃ ጥቁሮች መካከል የተነሡ ናቸው። ሃይማኖታቸው መጽሐፍ ቅዱስ ላይ የተተከለ፣ ፊቱ ወደ ኢትዮጵያ የዞረ ነው። ኃይለ ሥላሴ ኤፕሪል 21 ቀን 1966 ኪንግስተን ሲያርፉ አውሮፕላን ማረፊያውን ያጥለቀለቀው ሕዝብ ዕፅ ቀምሶ ፈጣሪን ልፈልግ ያለ የሀብታም አገር ልጅ አይደለም፤ የባርነት ታሪክ ያለበት፣ አገር የሚፈልግ ሕዝብ ነው። ሂፒዎቹ ራስታን በደንብ የሰሙት በኋላ፣ በ1970ዎቹ በሬጌ በኩል ነው።

«በኋላስ የት ገባ?» ላልሽው፦ ካልቫሪ ቻፕል ዛሬ ከሺህ በላይ አብያተ ክርስቲያናት ያሉት ማኅበር ነው። ታሳሃራ አሁንም ገዳም ነው። የሐሬ ክሪሽና ቤተ መቅደሶችን ከሞሉት ብዙዎቹ ያ የ1965 ሕግ ያስገባቸው የህንድ ቤተሰቦች ናቸው፤ ቀብሩና ሠርጉ፣ ልጅ ማሳደጉ እዚያ ተመልሶ ገብቷል። ሌላው ደግሞ ዮጋ ክፍል፣ ሜዲቴሽን፣ «ሃይማኖት የለኝም ግን መንፈሳዊ ነኝ» የሚለው አሜሪካዊ ሆኖ ተበትኗል። የሊሪ ዓይነቱ የኤልኤስዲ ሃይማኖት ግን እንደ ማኅበረሰብ አልቆመም።

ለወረቀትሽ ከሆነ ሁሉንም አንድ ላይ አትያዢው፣ ያመልጥሻል። ጓደኛሽንም የትኛውን ዓመት ማለቱ እንደሆነ ጠይቂው፤ የ1966ቱና የ1971ዱ ሂፒ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። እኔ ብሆን የፍሬድሪክ ጎዳናውን ቤተ መቅደስና የኮስታ ሜሳውን ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን አስቀምጬ አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ፦ ከዕፅ የወጣ ልጅ ጠዋት ሲመጣ መጀመሪያ ምን ሰጡት፣ በሳምንቱስ ምን ጠየቁት? የጊዜው ጋዜጣና የራሳቸው የተከታዮቹ ምስክርነት የዩኒቨርሲቲሽ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል። ከዚያ ጀምሪ።